ትንሿ መኪናና የሰፈሩ ጀሪካኖች

እህቴ ያመጣቻትን የኤሌክትሪክ መኪና መጀመሪያ ያየኋት ቀን፣ ዋናዋ መኪና ከኋላ እየመጣች መስሎኝ ነበር። ይህቺኛዋ ለናሙና የተሠራች ናት ብዬ ጠበቅኩ። «ግባ እንጂ!» ስትለኝ ዙሪያዋን ዞሬ አየሁና «በየት በኩል?» አልኳት።

እኔ ደንደን ያልኩ ሰው ነኝ። የሠርጌ ቀን ሚዜዎቼ የሱፌን ቁልፍ የቆለፉልኝ ለሁለት ተጋግዘው ነው። እና እውነቱን ልናገር፣ እዚያች መኪና ውስጥ ሰው አይገባም፤ ይለብሳታል። ለበስኳት። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋወቀ። እህቴም በሩን ከውጭ በዳሌዋ ገፍታ፣ ልክ ከአቅሙ በላይ እንደሞላ ሻንጣ፣ ዘጋችብኝ።

ታናሼ ናት። ቀጭን፣ ቁም ነገረኛ፣ ውሸት ጉሮሮዋን የማያልፍላት ፍጡር ናት፤ አንድ እናት እንዴት ሁለታችንን እንደወለደች ጎረቤት እስካሁን ይከራከራል። ሥራዋን ለቃ፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ አፍስሳ፣ ሲ.ኤም.ሲ መንገድ ዳር ከአንድ ሰውዬ ግማሽ ሱቅ ተከራየችና ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች መሸጥ ጀመረች። የነዳጅ ሰልፍ ያላማረረው ሰው በሌለበት ከተማ፣ ማታ እንደ ስልክ ተሰክታ የምታድር መኪና እንዴት አትሸጥም? ሲያወሩት ገበያው እንደ ክረምት ሣር ለምለም ነበር። ሰው ግን ይመጣል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። በመጨረሻ ሱቁን ያከራያት ሰውዬ ቁርጡን ነገራት፦ እስከ ወሩ መጨረሻ አንዲት እንኳ ካልተሸጠች ቦታውን ለሶፋ ነጋዴ ይሰጠዋል። ያን ጊዜ እህቴ መኪኖቹን ላስመጪው መልሳ፣ ወደ ለቀቀችው ቢሮ «ወንበሬ አለ ወይ?» ብላ ልትጠይቅ ነው።

«እስቲ አንተ ሰው ታውቃለህ፤ ገበያውን አጥናልኝ» አለችኝ።

ማሳያዋን መኪና ይዤ ሾላ ገበያ ወረድኩ። ከሽንኩርት ጆንያዎቹ ጎን ሳቆማት፣ ሻጯ ሚዛኗን ወደ መኪናዋ ስትጎትት በዓይኔ አይቻለሁ። የማያምነኝ ካለ ሚዛኑ ምስክሬ ነው። ድምፅ ስለሌላት ደግሞ ከኋላቸው የደረስንባቸው ሁሉ «በስመ አብ!» እያሉ ይዘሉ ነበር። ከዚያ ከበቡኝ። እህቴ ስለ ባትሪው አቅም፣ በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ በቃሌ አስጠንታኝ ነበር፤ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። የተጠየቅኩት «በግ ይገባባታል?» ነው። «ጤፍ ጭና ወፍጮ ቤት ትደርሳለች?» ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ለቅሶ ስንት ሰው ታደርሳለች?» ነው።

እኛ ሰፈር መኪና የገዛ ሰው ለራሱ የገዛ ይመስለዋል እንጂ ለራሱ አይደለም። ገና ጎማዋ ሳይቆሽሽ ምጥ የያዛት፣ ሙሽራ የሚያጅብ፣ ቀብር የረፈደበት ሁሉ የሷ ነው። አራት መቀመጫ ብቻ ያላት መኪና የምታጣላን አምስተኛው ከሆነው ጎረቤት ጋር ነው። ጥናቴን ጨርሼ ለእህቴ ሪፖርት አቀረብኩ፦ «ጠላትሽ ባትሪው አይደለም፤ ዘመድ መብዛቱ ነው። ግን አንድ ሰው ከገዛ ሁሉም ይገዛል።»

ያ አንድ ሰው የእድራችን ዳኛ ናቸው። የካ ሚካኤል አካባቢ እሳቸው ያላደረጉትን ማንም አያደርግም። አንድ ጊዜ ጣሪያቸው ላይ ጥቁር የውሃ ታንከር አስቀመጡ፤ በዓመቱ ከተራራው ላይ ለሚያየው ሰፈሩ ባርኔጣ ያደረገ ይመስል ነበር። መኪናም አላቸው። ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ያለ ግፊ አትነሳም። እኔ ራሴ ጉርምስናዬን ያሳለፍኩት ከኋላዋ ሆኜ ነው።

በዚያው ቀን እህቴን ይዤ በመኪናዋ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ጋዜጣ እያነበቡ አገኘናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው መኪናዋን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«አንተ ውስጥ ነበርክ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ተመስገን፣ ወጣህ።»

እህቴ በትሕትና ማስረዳት ጀመረች። ድምፅ የላትም፣ ጭስ የላትም፣ ዘይት አትቀየርም፣ መገፋትም አትፈልግም።

«መገፋት አትፈልግም?» አሉ ዳኛው በሐዘን። «ታዲያ የሰፈር ልጅ ከጎረቤት ጋር በምን ይተዋወቃል?» ቀጥለው ጋዜጣቸውን አጠፉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። እኔ መንገድ ላይ ቤንዚን ቢያልቅብኝ አንድ ልጅ በጀሪካን ያመጣልኛል። መብራት በጀሪካን ይመጣል?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ መኪናዋ ዞርኩ።

«እስቲ እንጦጦን ትውጣና እንነጋገራለን» አሉ ዳኛው።

ከውስጥ የባለቤታቸው የእትዬ ድምፅ መጣ። «እንጦጦ? ጸበል? ቆዩኝ፣ ነጠላዬን!» እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እንጦጦ ጸበል ለመሄድ ሦስት ታክሲ ይቀያይራሉ፣ የቀረውን ዳገት በመቋሚያ ይወጣሉ። በአንድ እጃቸው ነጠላ፣ በሌላው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ከች አሉ።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ልማድ ረስተን ነበር። ጸበል የሚሄድ ሰው የራሱን ጀሪካን ብቻ ይዞ አይሄድም፤ ጎረቤት ካየ ይልካል፣ የተላከ እምቢ አይልም። መኪናዋ መታጠፊያው ጋ ሳትደርስ ከየበሩ «እትዬ! የኔንም!» ተባለ። እህቴ መሪው ላይ፣ ዳኛው ከጎኗ፣ እትዬና እኔ ከኋላ ነን። የኋላው ወንበር ግማሹ የኔ ነበር፣ ሌላው ግማሽም የኔ ነበር፣ እትዬ የተረፈው ላይ ተቀምጠዋል። ጀሪካኑ እግራችን ሥር፣ ጉልበታችን ላይ፣ ራሴ ጀርባ ተደረደረ። ባዶ ስለሆነ አይከብድም፤ ብቻ በተነፈስኩ ቁጥር እንደ ከበሮ ይመታል።

በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ዳገቱን ያዝን። መሪው ፊት ለፊት የባትሪውን መጠን የምታሳይ ቁጥር አለች። ሾላ ስዞር ውዬ ስለነበር ስንነሳም ብዙ አልነበረም። ዳገቱ ሲጠና ቁጥሩ ይወርዳል፣ ቁጥሩ ሲወርድ የእህቴ ፊት አብሮ ይወርዳል። እንጨት የጫነች አህያ ቀደመችን ብል ዋሸ ትሉኛላችሁ፤ ግን ትንሽ ጎን ለጎን እንደተጓዝን አልክድም።

«ደክሟታል» አሉ ዳኛው።

«አልደከማትም ጋሼ፣ እያሰበች ነው» አልኩ።

«ዝም በል አንተ!» አለች እህቴ። ያቺ ቁጥር ዜሮ ብትገባ የሚቆመው መኪናዋ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ደረስን። በጭንቅም ቢሆን ደረስን። ቁጥሩ ሃያ አንድ ይላል። እህቴ መሪው ላይ ተደፍታ ስትተነፍስ፣ እትዬ ጸበሉን ጠጥተው፣ ጀሪካኑን ሁሉ አስሞልተው መጡ። ባዶውን ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩት ጀሪካን ሞልቶ ሲመለስ ጎረቤቶቼን በየስማቸው አስታወስኳቸው። መኪናዋ ከክብደቱ ብዛት አንድ ጊዜ ቃተተች። ያ ድምፅ ከኔም የመጣ ሊሆን ይችላል።

መውረድ ጀመርን። እነዚህ መኪኖች ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይረገጥ ራሳቸውን ይይዛሉ፤ ሲይዙም ባትሪያቸውን መልሰው ይሞላሉ። ክብደት ሲበዛ ደግሞ የበለጠ ይሞላሉ። እህቴ ይህን ታውቃለች፣ ለእኛ ግን አልነገረችንም። ዳኛው ዓይናቸውን ከቁጥሩ ላይ አላነሱም ነበር።

«ሃያ ሁለት አለ» አሉ። ቆይተው «ሃያ ሦስት!» አሉ። የካ ሚካኤል ስንደርስ ሃያ ሰባት ሆነ።

እትዬ ከኋላ ብቅ ብለው አዩት። ከዚያ ጀሪካናቸውን አዩ። ከዚያ መስኮቱን ከፍተው እልልታውን ለቀቁት። ጀሪካኑን ሊቀበል የመጣው ጎረቤት ሁሉ ከበበን። «ጸበሉ ሞላት! ባዶዋን ወጥታ ሙሉ ሆና ወረደች!» አሉ እትዬ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገበያ ሾላ በበዓል ዋዜማ አይቶት አያውቅም። አንዱ «ለኔ አንድ!» ይላል፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ወንድሙን ይጠራል። ቅመም ነጋዴው የስልጤ ጎረቤታችን በሳቅ ተንፈቅፍቆ «እትዬ፣ እኛ ቤት ደግሞ ዘምዘም አለ፤ እሱንስ ትቀበላለች?» አላቸው።

«ምን ነው፣ መኪናዋ ጎረቤት ትለያለች እንዴ? ትቀበላለች!»

የወሩ መጨረሻ፣ የሶፋ ነጋዴው፣ የቢሮው ወንበር፣ ሁሉም ከፊቴ ሲጠፋ ይታየኛል። የእህቴ ጆሮ ግን ቀልቶ አየሁት፤ እውነት ልትናገር ስትል ይቀላል። እግሯን ረገጥኩ። አልሰማችም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ጸበሉ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ነው። ስትወርድ ትሞላለች፣ ስትወጣ ይቀንስባታል። ሜዳ ላይ ጀሪካን ብትጭኑባት አትሞላም፤ ቤት መሰካት አለባት።»

ስልክ ይዞ የነበረው ወንድሙን «ቆይ፣ መልሼ ልደውል» አለው። እትዬ ግን ምንም አልመሰላቸውም።

«ቁልቁለቱንስ ማን ሠራው?» አሉ።

ያን ጊዜ ዳኛው እየተጎተቱ ከመኪናዋ ወጥተው በችሎት ድምፃቸው ጠየቋት።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«እስኪመጣ ይጠብቃሉ ጋሼ።»

«ክረምት፣ ጎርፍ?»

«ጥልቅ ውሃ ውስጥ አይግቡባት።»

«የእድሩን ድንኳን ትጭናለች?»

እህቴ ድንኳኑን ታውቀዋለች። የአባታችን ለቅሶ ላይ ተተክሎልናል። «አትጭንም» አለች።

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከነጉድለቷ ነገርሽኝ፤ አመሰግናለሁ። ግን ድንኳን የማትጭን መኪና የእድር ዳኛ አይይዝም።»

የእህቴ ትከሻ ወረደ። ሰውም ጀሪካኑን እያነሳ መበተን ጀመረ።

«እኔ ዳኛ ነኝ እንዴ?» አሉ እትዬ።

ዳኛው ዞሩ። «ምን ልትይ ነው?»

«ልገዛት ነዋ! የጓሮ ክፍሎቹን ኪራይ ለዓይኔ አይደለም ያስቀመጥኩት። ጉልበቴ ሦስት ታክሲ መቀያየር አልቻለም።»

«ማን ሊነዳልሽ?»

«መንጃ ፈቃዴን በየጊዜው ሳሳድስ ለምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አልጠየቁም ነበር። ፊታቸው ላይ ይነበባል። ቅመም ነጋዴው ሳቁን ሊደብቅ የጎረቤት ጀሪካን ፊቱ ላይ አነሳ።

እህቴ ዓይኗ ውሃ ሞልቶ «እትዬ፣ አዲስ አለችልዎት፤ ይቺ እኮ ማሳያ ናት፣ ብዙ ሰው ነክቷታል» አለች።

«አዲሲቱ እንጦጦን ታውቀዋለች?»

«አታውቀውም።»

«እንግዲያው ይቺኑ!» ቀብዱን ከውስጥ አምጥተው እጇ ላይ አስቀመጡላት፣ ወረቀቱን ሰኞ እንጨርሳለን አሉ፤ ቁልፉንም ተቀብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ። ዳኛው በበኩላቸው ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አድርገው፣ «ለሙከራ ያህል» እያሉ የተሳፋሪው ወንበር ላይ ገቡ።

እኔና እህቴ ወደ ሲ.ኤም.ሲ የምንመለስበት መኪና አልነበረንም። ታክሲ ያዝን። የኋላው ወንበር ላይ አራተኛና አምስተኛ ሆነን ተጠቀጠቅን፤ ረዳቱ ለእኔ የሁለት ሰው ሒሳብ ሊጠይቀኝ እያሰላ እንደነበር ከዓይኑ አይቻለሁ። እህቴ በመስኮት አየች። ከዚያ ወደ ጎኗ፣ ፌስታሉን አቅፎ ወደተቀመጠው ጎልማሳ ዞረች።

«ይቅርታ፣ መኪና አለዎት?»

«ቢኖረኝ እዚህ ምን እሠራለሁ እህቴ?»

በእውነተኛ የነጋዴ ፈገግታ ተጠጋችው። እኔም ለንግግራቸው ቦታ እንዲሆናቸው ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ።