በሻይ የተሳለው ተራራ

ክፍሉ ውስጥ ሲያስገቡኝ ሁሉም እስረኛ ወደ በሩ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ ቀረ። የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ እንደ ደንቡ ስሜንና ሥራዬን ጠየቀኝ። ታፔላ ሠሪ ነኝ አልኩ። የምግብ ቤቱ ዶሮ፣ የፀጉር ቤቱ ጎረምሳ፣ የሰፈራችን ግድግዳ ላይ ያለው መልክ ሁሉ የእኔ እጅ ነው። ካቦው በአገጩ ወደ ሽማግሌው እየጠቆመ፣ እንግዲህ ሠዓሊያችን ሁለት ሆነ አለ። ያኔውኑ ቀናሁ።

ሽማግሌው ቻይና የተማረ የሥነ ጥበብ መምህር ነው። በአፌ አንቱ እለው ነበር፣ በሆዴ አንተ። እዚህ የምጽፈው እንደ ሆዴ ነው። ጠዋት ሻይ ሲመጣ ግማሹን ይጠጣና በቀረው ጣቱን እየነከረ ግድግዳው ላይ ይስላል። ሻዩ ሲደርቅ ቡናማ ተራራ ይሆናል። ከሥሩ አንዲት ጎጆ፣ ጎጆዋ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሰው። የቀረው ግድግዳ ባዶ ነው። ባዶው ምንድን ነው ስለው ጭጋግ ነው አለኝ። የእኔ ደንበኛ ቢሆን ጨርስልኝ እንጂ ይለኝ ነበር።

ጎጆው ውስጥ ያለው ሰው ሹም ነበር አለን። በድሮው ቻይና ንጉሡ ሲከፋ የተማረ ሰው ሹመቱን ይተውና መጽሐፉንና ብሩሹን ይዞ ተራራ ይገባል። መሄድ ያልቻለ ደግሞ የተራራውን ሥዕል ቤቱ ሰቅሎ በዓይኑ ይሄዳል። ካቦው፣ ባሕታዊ ነዋ አለው።

“ባሕታዊ ነፍሱን ሊያድን ነው የሚሄደው። ይሄ እጁን ላለማዋስ ነው” አለ መምህሩ።

የሱ እጅ ደካማ ነው፤ በሙያዬ ነው የምናገረው። የድንጋዮቹ ጥላ ተሳስቷል፣ የጎጆዋ ጣሪያ ዘሟል። ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር የእኔ ልብ ሲዘል እሱ አንገቱን እንኳ አያዞርም። በቅናት አርር ነበር። እንቅልፉን ሳይቀር ቀናሁበት።

አንድ ቀን ከሰዓት መርማሪው ራሱ መጣ። ግድግዳውን አየና ፈገግ አለ። ለግቢው በር የትልቁን ሰው፣ የአገሩን መሪ፣ ምስል የሚሥል እንደሚፈልግ ለሽማግሌው ነገረው። ለሚሥለው መስኮት ያለው ክፍል ለብቻው ይሰጠዋል፣ ጉዳዩም ቶሎ ያልቃል። ተጣብቀን በጎናችን ብቻ ለምንተኛ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ሽማግሌው ተነሥቶ ቆመ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለዚህ የሚሆን እጅ የለኝም” አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። “አንተስ? ታፔላ ሠሪ ነህ አሉኝ።”

ልጄ የተወለደችው እኔ ከታሰርኩ በኋላ ነው፤ ገና አላየኋትም። ሥራው ደግሞ ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን እሺ ብል ያ ሰው ከጎጆው ሆኖ ቁልቁል ሊያየኝ ነው። እሱን አልቻልኩትም።

“ጌታዬ፣ እኔ ፊደል ብቻ ነው የምጽፈው። መልክ አይሆንልኝም” አልኩ።

በወተት ካርቶን ላይ መልኩን በከሰል የሣልኩለት ካቦ እግር እግሩን ማየት ያዘ። እንደዚያ ቃሌ ያቃጠለኝ ነገር የለም። ማግስቱን ግድግዳውን ኖራ አስቀቡት፣ መምህሩንም ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱት። ልጄን ያቀፍኳት መራመድ ከጀመረች በኋላ ነው።

አሁን በስደት ነን፤ እሷ ኮሎምበስ ትማራለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እኔ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። በቀደም የዕረፍት ብሬክ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። መምህሩ ነው። ከተፈታ በኋላ የሰጡትን ሹመት አልፈልግም ብሎ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ቤት ሠርቶ ይኖራል። ይሄም ተሳካለት ብዬ እንደ አዲስ ቀናሁ።

“ጋሼ፣ ብሬኬ እያለቀ ነው፣ ከሺፍት ስወጣ ኮል ላድርግልዎት?” አልኩት።

“አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ” አለኝ። “ያን ቀን እንቢ እንዳልኩ ወዲያው ተጸጽቼ ነበር። እሺ ልለው አፌን ስከፍት አንተ መልክ አይሆንልኝም አልክ። እንዲያ ያለ እጅ ይዘህ። ቀናሁብህና አፌን ዘጋሁ።”

ቁልቁል ያየኛል ስል የኖርኩት ሰው ለካ ቀና ብሎ ነው ሲያየኝ የኖረው። እኔም እቀናብዎት ነበር ልለው ፈለግሁ፤ አልወጣልኝም። እሱ ግን ተናገረው። በዚህም ቀናሁበት።