የትኛው ማኅበር?

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ላሊበላ ውስጥ ባህል ጽሕፈት ቤት ተብላ በተሰጠችን አንዲት ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ሦስት ሽማግሌ ሸማኔዎች የእንጨት ሣጥን ይዘው ገቡ። ከሦስቱ ከፊት የሚመሩት የእናቴ ወንድም ነበሩ።

"ይኸው የማኅበሩ ወረቀት" አሉኝ ሣጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጡ። "አምጡ አልሽ፣ አመጣን።"

አምጡ ያልኩት ታዝዤ ነው። በክፍለ ሀገሩ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሊመረቅ ስለነበር ለምርቃቱ ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል፣ የላስታ ሸማኔዎችም የቤተሰብ ፎቶግራፎችንና "የማኅበሩን ሰነዶች" ያቅርቡ የሚል መልእክት ከወልድያ በሬዲዮ መጥቶ ነበር። እኔም ቃሉን ሳልለውጥ ሸማኔ ሰፈር ሄጄ ተናገርኩ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ ንግግሬን አሳጥራለሁ፤ የዚያን ቀንም አሳጠርኩ።

ሣጥኑን ስከፍት ከላይ ፎቶግራፎች አገኘሁ። ለፋብሪካ ሥራ ወደ ሌላ አገር የሄዱ የሰፈራችን ልጆች የፋብሪካው በር ላይ ቆመው፣ ሰዓታቸው እንዲታይ እጅጌያቸውን ሰብስበው የተነሱት ነው። ከሥር በድር የተሰፋ ወፍራም ወረቀት አለ። የመጀመሪያውን ቅጠል ሳነብ ግራ ገባኝ።

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ የጽዋው ነው።"

"ታዲያ ሌላ ምን ማኅበር አለን?"

"የአምራቾቹን ማለቴ ነበር። ከፋብሪካ ድር የሚያስመጣላችሁን።"

"እሱማ ኮታ ነው!" አሉ ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጡት። "ያን ሁሉ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ስትቀመጪ ማኅበርና ኮታ መለየት አላስተማሩሽም?"

ሦስቱም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እውነታቸውን ነው። መንግሥት ያደራጀውን የሸማኔዎች ማኅበር በሰፈራችን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ማኅበር ሲባል በየወሩ በማርያም ቀን በየተራ ቤታቸው የሚጠጡት ጽዋ ነው። አጎቴም የጽዋው ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ ነበሩ።

ወረቀቱን ማገላበጤን መተው አልቻልኩም። የየትኛውን ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ማን እንደሸመነ፣ የማን ልጅ መቼ ክርስትና እንደተነሳ፣ በረሃቡ ጊዜ ማን ሞቶ የት እንደተቀበረ፣ ማን ሸማኔነቱን ትቶ ፋብሪካ እንደገባ ተጽፏል። ልጅ ሳለሁ ሸማኔነታችንን ሊያንቋሽሹ "የቁጢት በጣሽ ልጅ" እያሉ ይሰድቡን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ስለ ላስታ ሸማኔ የተጻፈ ነገር ቤተ መጻሕፍቱን ሁሉ ፈልጌ አጥቼ ነበር። ለካ እናቴ ቤት ጎረቤት ተቀምጧል።

መጨረሻው አካባቢ አንድ ስም ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሙጃ ገበያ ሸማ ሊሸጥ ወጥቶ በዚያው ከአማፂዎቹ ጋር ዱር ገባ የሚባለው ሰው ነው። ሊጠፋ ሰሞን ተራው ደርሶት ደግሶ ነበርና በቤቱ የተሰበሰቡት ሁሉ ከአጎቴ ጀምሮ በስም ሰፍረዋል።

ስሙን በጣቴ አሳየኋቸው። አንደኛው ሽማግሌ ተነስተው በሩን ዘጉ።

"ይህን ሌላ ሰው አይቶታል?" አልኩ።

"ውስጡን ማንም አላየ" አሉ አጎቴ። "ሣጥኑን ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር መንገድ ላይ አይቶ፣ ምንድን ነው ሲለን፣ የማኅበሩ ሰነድ ነው አልነው። ደስ ብሎት ለወልድያ በሬዲዮ ላስነግር ብሎ ሄደ። ሰነዱን የሚወስደው መኪናም ነገ ጠዋት ይመጣል ብሏል።"

ጽዋ መጠጣት አያሳስርም ነበር። ከማን ጋር እንደጠጡ ግን ያሳስራል።

"እናቃጥለው" አሉ በሩን የዘጉት።

"አቃጥለንስ ልጅቱ ምን ታስረክብ?" አሉ ሌላው።

"እንግዲያው የሱን ቅጠል ብቻ እንገንጥል።"

ስሙ ያለው በአንድ ቅጠል ብቻ አልነበረም። ሠርጉም፣ የልጆቹ ክርስትናም፣ ለሌሎች ክርስትና አባት የሆነበትም አለ። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከመሀል ድር ሲመዘዝ ጨርቁ ይናገራል" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ስጫቸው ልጄ። እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አንቺ ገና ነሽ።"

"የተጻፉት እርስዎ ብቻ ነዎት እንዴ ጋሼ?"

ዞረው ሁለቱን ጓደኞቻቸውን አዩ። ከላሊበላ በመኪና የሚያስወጣው መንገድ አንድ ነው፤ ነገ መኪናው የሚመጣውም በዚያው ነው። በእግር እንሂድ ብንል ኬላ አለ። ብሰጥ ሰፈሩ በሙሉ ያልቃል፤ ባልሰጥ ተረክባለች የተባልኩት እኔ ነኝ። ባቃጥል ደግሞ እነዚያ መጋረጃዎች ሸማኔ እንዳልነበራቸው ይሆናል። ክፍሏ ጠበበችኝ። ሽማግሌዎቹ ተማረች ያሏትን ልጅ ያዩኛል፤ እኔ የተማርኩት ወረቀት ከውሃና ከምስጥ እንዴት እንደሚጠበቅ ነበር።

በመጨረሻ ወረቀቱን አንስቼ አጎቴ ጋቢ ውስጥ ከተትኩት። "ይውሰዱት" አልኩ። "ፎቶግራፎቹ ይቆዩ።"

"የት እንደምናኖረው ልንገርሽ?"

"አይንገሩኝ።"

ገባቸው። "ደግ" አሉ። ሲወጡ እንደ ገበያተኛ ተራርቀው ወጡ።

በማግስቱ ላንድሮቨሯ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። የመጣው ካድሬ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን ትሑት ሰው ነው። "ጓድ፣ ሰነዱስ?" አለኝ። አፌ እንደማይታዘዝልኝ ስለማውቅ አስቀድሜ ጽፌ ነበርና ወረቀቴን ሰጠሁት። የቀረቡት ወረቀቶች የጽዋ ማኅበር ንብረት በመሆናቸው ለባለቤቶቹ መመለሴን፣ ኃላፊነቱም የእኔ መሆኑን ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበው። "ምን ይላሉ ወረቀቶቹ?"

"መጋረጃ ማን እንደሸመነ።"

"ሌላስ?"

"ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ።"

"አሁን የት ናቸው?"

"አላውቅም።"

ፊቴን ትክ ብሎ አየ። እውነቴን ስለነበር አላቀረቀርኩም።

"እንግዲያው ወልድያ መጥተሽ አንቺው ታስረጃለሽ" አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ከመንገዱ ማዶ እናቴ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ቆማለች። አጠገቧ የቆሙት ሴቶች የትኛው ማኅበር እንደተጠየቀ እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ ይሰማኛል። የቢሮውን ቁልፍ ለዘበኛው ሰጠሁ። ፎቶግራፎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩና ኋላ ወንበር ላይ ወጣሁ፤ በሩንም ማንም ሳይዘጋብኝ ራሴ ዘጋሁት።