የብርዙ ብርጭቆ

ቦንጋ ገበያ የብርዝ ሻጯን ብርጭቆ የሰበርኩት እኔ አይደለሁም። ይህ ይጻፍልኝ።

ሰሞኑን በጥቅምት ገበያ አዲስ የተቆረጠ ኮባ ሸተተኝና ያ ቀን መጣብኝ። ልጅ ነበርኩ። ማንጆ ከሚባለው የተናቀ ጎሳ ስለሆንን እኔና እናቴ ከሰላችንን ይዘን ከሰው ርቀን፣ ከገበያው ዳር ነበር የምንቀመጠው። ብርዝ ሻጯ ለሌላው ሰው በብርጭቆ፣ ለእኛ በታጠፈ የኮባ ቅጠል ትቀዳለች። ቅጠሉ ያፈሳል፤ ብርዙ በክንዴ ይወርዳል። ያን ቀን ጠምቶኝ ስለነበር አንዱ አጋምሶ የተወውን ብርጭቆ አንስቼ ጨለጥኩት። ሴትዮዋ ብርጭቆውን በቅጠል ይዛ ተቀበለችኝና ድንጋይ ላይ ከሰከሰችው።

«ይቺ ልጅ ሰበረችብኝ!» ብላ ጮኸች። ገበያተኛው ሳቀ።

«እማዬ፣ እሷ ናት እኮ የሰበረችው!»

«ዝም በይ» አለች እናቴ ከሰሉን እየሸከፈች። «የእኛ እጅ ለብርጭቆ አይሆንም።»

እውነት መስሎኝ፣ ትዳር እስክይዝ ድረስ ብርጭቆ በሁለት እጄ ነበር የምይዘው። ካደግሁ በኋላ ነገሩ ቢገባኝም አፍ አውጥቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በቀበሌ ስብሰባ «ሁላችንም እኩል ነን» ሲባል አጨብጭቤያለሁ፤ ስለ ብርጭቆው ግን የጠየቀኝ የለም።

አሁን እዚያው ቦታ ብርዝ የምትሸጠው ያኔ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ታይ የነበረችው የሴትዮዋ ልጅ ናት። ፊቷ ሄጄ ቆምኩ።

«አንቺ አይተሻል። ማን ነው የሰበረው?»

ቀና ሳትል ብርጭቆ ማለቅለቋን ቀጠለች።

«እናቴ ናት፣ እትዬ» አለችኝ። «እጅዎማ ምን አደረገ? እርስዎ ስለጠጡበት ነው።»