ዛፉ፣ ቧንቧውና የአማቴ «ምንም አይደለም»

በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ማለት ሲጀምር በራችን እጀታ ላይ አንድ ካርቶን ተንጠልጥሎ አገኘን። ዴንቨር፣ ፓርክ ሂል ሰፈር ውስጥ በምንኖርበት መንገድ ሥር ያለው ዋናው የውሃ ቧንቧ ስላረጀ ሊቀየር ነው ይላል። ደስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ ስኳር ብቻ የቀረው ቀጭን ሻይ ይመስል ነበር። ካርቶኑ ግን ከታች በኩል ሌላ ነገር ጨምሯል፦ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ሥራው በአካባቢው ተፈጥሮና በታሪካዊ ቅርሶች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይገመገማል፤ ነዋሪዎችም አስተያየታቸውን ይጠየቃሉ።

እኔ ባደግኩበት ከተማ መንገድ መቆፈሩን የምናውቀው ጉድጓዱ ውስጥ ስንገባ ነው። ዴንቨር ግን ወፏ ጎጆ ሠርታ እንደሆነ ይጣራል፤ ድንጋዩም ዕድሜው ይጠየቃል። እዚህ አገር ሃምሳ ዓመት የሞላው ነገር ሁሉ ለታሪክነት ይታጫል። ለባለቤቴ «በዚህ አያያዝ እኔም ከጥቂት ዓመት በኋላ ያለ ፈቃድ የማልፈርስ ቅርስ ነኝ» አልኳት።

«መጀመሪያ ተሠርተህ አልቅ» ብላኝ ወደ ሆስፒታሏ ሄደች።

ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር መጠርጠር ልማዴ ነው። ስለዚህ ያን ሰሞን ለኮሙኒቲው መጽሔት «ግምገማ ማለት ላለመወሰን የተፈለሰፈ ጥበብ ነው» የሚል ጽሑፍ ጀመርኩ። ቆሻሻ ውሃ እየጠጡ ለወፍ ጎጆ ስለሚጨነቁ ሰዎች ሁለት ገጽ ያህል በደንብ ሄዶልኝ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ነገሩ አማቴን ነካ።

ከቤታችን ፊት ለፊት፣ በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ባለችው ጠባብ ሣር ላይ አንድ ትልቅ ኤልም ቆሟል። የዛፍ ባለሙያዎች የሚንቁት ዓይነት ዛፍ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ቅርንጫፍ ይጥላል፤ ዘሩ የሰው ጣሪያ ላይ ሳይቀር ይበቅላል። ሥሩ የእግረኛ መንገዱን ቀይ ጥርብ ድንጋይ ወደ ላይ ስላነሳው ፖስተኛው እዚያ ሲደርስ እንደ ፈረስ ይዘላል። አማቴ ደግሞ በበጋ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀመጡት ከዚህ ዛፍ ሥር ነበር።

አማቴ በጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ጡረታ የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከሥልጣኑ አይደለም። ከኤርፖርት ወረፋ መልስ የኮልፋክስን ጎዳና ይዘው የሚሄዱ ታክሲ ነጂዎች መንገዳቸውን አጥፈው ይመጡና፣ መኪናቸውን ከጥላው ሥር ፓርክ አድርገው ጉዳያቸውን ያቀርባሉ። የተኳረፈ ባልና ሚስት፣ አንድ አፓርታማ ተከራይተው በወጥ ቤት የተጣሉ ጓደኛሞች፣ ልጁ በእንግሊዝኛ የሰደበው አባት፣ ሁሉም እዚያ ይዳኛል። ቦታውን «ችሎት» ብለው የሰየሙት ነጂዎቹ ናቸው።

አንድ ቀን በመስኮት እንዲህ ሲባል ሰማሁ።

«እማማ፣ ሚስቴ አኩርፋለች።»

«ምን አደረግሃት?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ለዚያ ነው።»

ፍርዱ አለቀ። ሰውዬው እጅ ነሥቶ ሄደ፤ ሲመሽም ሚስቱ አማቴን ለማመስገን ከጎረቤት ከተማ ከአውሮራ ደወለች።

የከተማው ንድፍ ሲወጣ አዲሱ ቧንቧ የሚያልፈው ልክ በኤልሙ ሥር ሆኖ ተገኘ። ቦዩ ከላይ ተከፍቶ ከተቆፈረ ዛፉ መቆረጡ አይቀርም። አማቴ ንድፉን መነጽራቸውን አድርገው አዩና በእርጋታ አጠፉት።

«ዛፉ ከተቆረጠ ሴንቴኒያል ልጄ ጋ እገባለሁ» አሉ።

ልጃቸው፣ ማለት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ሴንቴኒያል ውስጥ ትልቅ ቤት አለው። ደግ ሰው ነው፤ እናቱን ለዓመታት «ነይ» ሲላቸው ኖሯል። አማቴ አንድ ክረምት እዚያ ከርመው ሲመለሱ የሰፈሩን ኑሮ እንዲህ ሲሉ ገለጹልን፦ «ጋራዡ አፉን ይከፍታል፣ ሰውየውን ከነመኪናው ይውጣል፣ አፉን ይዘጋል። እስከ ማግስቱ ሰው የሚባል አይታይም።» አሁን ግን በዚያው ቀን ስልክ አንስተው ሊመጡ እንደሚችሉ ነገሩት። ልጅየው ከደስታው ብዛት ቅዳሜውን ምድር ቤቱን ቀለም መቀባት ጀመረ።

ጓደኞቼ ወሬውን ሲሰሙ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። አማት ከቤት ሲወጣ አማች የሚደሰት ይመስላቸዋል። እኔ ግን የምጽፈውን እስከ መጨረሻው መስመር የሚያነብ አንድ ሰው ነው ያለኝ፤ እሱም እሳቸው ናቸው። ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ያነቡና ጠርዙ ላይ «ይህ ዓረፍተ ነገር ለምን ተወለደ?» ብለው ይጽፋሉ። ሌላው ሰው ጽሑፌን ያደንቃል፤ እሳቸው ያነቡታል። ያለ እሳቸው የምከራከረው ከባለቤቴ ጋር ብቻ ሊሆን ነው፤ እሷ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆማ ውላ የምትመጣ ነርስ ስለሆነች ቶሎ ትስማማለች። ይህ መሸነፍ ነው።

ጽሑፉን ቀደድኩት። ግምገማ ቅዱስ ነገር እንደሆነ ተገለጠልኝ።

ከተማው የላካት ገምጋሚ መንገዱን እየተዘዋወረች ነዋሪዎችን እንደምታነጋግር ስንሰማ ችሎቱ ራሱ ስለ ራሱ ተሰየመ። ነጂዎቹ ምክር አዘነቡ።

«እማማ፣ ሂስቶሪክ ነው ይበሉ። እዚህ አገር ሂስቶሪክ ካሉት ማንም አይነካውም።»

«ትንሽ ቢያለቅሱ ደግሞ...»

«እኔ ለመንግሥት አላለቅስም!» አሉ አማቴ። «ትምጣ ብቻ! ልክ ልኳን ነው የምነግራት። ለመቶ ሰው የሚበቃ ጥላ ቆርጠው ቧንቧ ሊቀብሩ! ትምጣ!»

መጣች። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ገና ከሩቁ ሰላም ስትል አማቴ ብድግ አሉ። የተቀመጡበትን ወንበር በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ለእሷ ሰጡ። ልጄን ጁስ አስመጡ። ከዚያም ቢላዋ አስመጥተው ብርቱካን ይልጡላት ጀመር። ሴትዮዋ እየበላች፣ ዛፉን ቀና ብላ እያየች፣ ቢቆረጥ ይጎዳቸው እንደሆነ ጠየቀች። ልተረጉም አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

«ኖ ፕሮብለም! ኖ ፕሮብለም!» አሉ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን እያወዛወዙ።

«እማማ!» አልኩ።

«ዝም በል አንተ። ዛፍ ነው፣ ይበቅላል በላት። በእኔ ምክንያት ሥራዋ እንዳይስተጓጎል።»

«ትናንት ልክ ልኳን እነግራታለሁ ሲሉ አልነበረም?»

«ብርቱካን እየበላች?»

ገምጋሚዋ ደግነታቸውን አመሰገነች፣ የሆነ ነገር ጻፈች፣ የብርቱካኑን ልጣጭ በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ወደ ጎረቤት አለፈች። አማቴ ቆመው ጥጉን ታጥፋ እስክትጠፋ በዓይናቸው ተከተሏት።

«ሄደች?» አሉኝ።

«ሄደች።»

«አትመለስም?»

«ለምን ትመለሳለች? ምንም አይደለም አሏት እኮ።»

«አያቴ፣ ዩ ሰድ ኖ ፕሮብለም!» አለች እዚህ የተወለደችው ልጄ፣ በመገረም።

«አንዴ ነዋ የጠየቀችኝ!» ብለው ጮኹ አማቴ። «አንዴ! ‹ኧረ እንዴት ሊሆን፣ እውነቱን ይንገሩኝ› አይባልም? አንድ ጊዜ ጠይቆ መሄድ የሌባ ጠባይ ነው።»

ልጄ ማንን ማመን እንዳለባት ጠፍቷት እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የገባኝ፣ ያ ሁሉ መሐንዲስና የወፍ ባለሙያ ያሰናዳው ግምገማ አንድ ጉድለት ብቻ እንዳለበት ነው። የሰው የመጀመሪያ መልስ መልሱ ነው ብሎ ያምናል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» ለጨዋነት ነው፤ ሁለተኛውም ለመግደርደር ነው። ምግብ የቀረበለት እንግዳ እንኳ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ካለ በኋላ ነው በደንብ የሚበላው።

የአስተያየት መስጫው ስብሰባ በሰፈሩ ትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሽ ተደረገ። አማቴ «እኔ ምን ሊሠራልኝ» እያሉ ቀድመውን መኪና ውስጥ ገቡ። አንድ ጎረቤት ስለ ወፍ ጎጆ፣ ሌላዋ ስለ ቀዩ ድንጋይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቁፋሮው ሲካሄድ ጀልባውን የት ፓርክ እንደሚያደርግ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ለምን ከባሕር በዚህን ያህል ርቆ ጀልባ እንዳለው የጠየቀው የለም። ከዚያ ግድግዳው ላይ የእኛ ዛፍ ፎቶ በራ። ከሥሩ «በቅርብ ያሉት ነዋሪ ተጠይቀዋል፤ ተቃውሞ የላቸውም» ይላል።

ተነሣሁ።

«እኚያ ነዋሪ አማቴ ናቸው» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ተቃውሞ አላቸው። የሌላቸው ለመናገር የሚያበቃ ድፍረት ነው፤ ብርቱካን ያበሉትን ሰው መቃወም በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እባካችሁ ደግማችሁ ጠይቋቸው።»

አማቴ ከአጠገቤ በአማርኛ «ምን እያልካቸው ነው? ልታዋርደኝ ነው?» ይላሉ፣ ፈገግታቸውን ሳይፈቱ።

ገምጋሚዋ ማይክሮፎኑን ይዛ ወደ እሳቸው ዞረችና ዛፉ ቢቆረጥ ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠየቀች።

«ኖ ፕሮብለም» አሉ አማቴ።

አዳራሹ ሳቀ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችኝ። አንድ ጣቴን አነሣሁላት፣ አንዴ ብቻ ደግመሽ ጠይቂ ለማለት። ይህችን ሴት ለዘላለም የማደንቃት ከዚያ በኋላ ባደረገችው ነው። ማይክሮፎኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ መጥታ አማቴ ጎን ባለው የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ዝቅ ብላ «እባክዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለቻቸው።

«እንግዲህ ካስቸገርሽኝ» አሉና ተነሡ።

ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነበር፤ ሲያልቅ ደወል የሚደውል ሰውም ነበር። አማቴ ግን በአማርኛ የተናገሩት የጠዋት ሰልፍ ላይ እንደሚናገር ዳይሬክተር ነው። ደወሉ ቅጭል ሲል ዘወር ብለው አዩት፤ ሰውዬው ደወሉን ኪሱ ከተተው።

«እኔ በዚህ አገር ሥራ የለኝም» አሉ። «መኪና አልነዳም። ቋንቋችሁም የሚያስፈልገኝን ያህል አይደለም። ከዚያ ዛፍ ሥር ስቀመጥ ግን ሰው ፈልጎኝ ይመጣል። ዛፉ ከሌለ መኪናውን የሚያቆምበት ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ማንም አይቆምም፤ ማንም ካልቆመ እኔ ቤት ውስጥ የተቀመጠች አሮጊት ነኝ። ውሃውን አልጠላሁም፤ እኔም እጠጣዋለሁ። ግን ከሥሩ ዝቅ ብላችሁ እለፉ። ፍልፈል የሚችለው እናንተን እንዴት ያቅታችኋል?»

ፍልፈሉን የአገሩ ሰው እንዲያውቀው ፕሬሪ ዶግ ብዬ ተረጎምኩት። የቀረውን ግን አንዲት ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ ነው ያቀረብኩት። ከዚህ በፊት ያን ዓይነት ዝምታ ያገኘ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ መሐንዲስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በእርግጥ መሬቱን ሳይከፍት ከሥር ሰርስሮ ቧንቧ የሚያሳልፍ ማሽን እንዳለ፣ ለዚያች ቁራጭ ሊታሰብ እንደሚችል ተናገረ።

በጋው ሳያልቅ ውሳኔው ወጣ። ቀዩ ድንጋይ ቅርስ ስለሆነ መነሣት የለበትም፤ ዛፉም ለነዋሪዎች አገልግሎት ይሰጣል፤ ስለዚህ በዚያች ቦታ ቧንቧው በሥሮቹ ሥር ተሰርስሮ ያልፋል። ነጂዎቹ ጡሩምባ እየነፉ መንገዱን ዞሩት። አማቴ ግን ስልኩን እያዩ ተቀመጡ። ልጃቸው ቀለሙን ጨርሶ አልጋ ገዝቶ ነበር።

«ይደውሉለትና ይንገሩት» አልኩ።

«ቀለም ቀብቶ ለጨረሰ ልጅ እንዴት ነው የሚነገረው?»

ቅዳሜ ጠዋት በቫን መጣ። ፊቱ ሁሉ ደስታ ነው።

«እማዬ፣ ክፍሉን ስታዪው አታምኚም፤ ካርፔቱ ራሱ አዲስ ነው። እንሂድ?»

«እሺ ልጄ» አሉ አማቴ። «እንሂድ።»

ሻንጣቸው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሌሊቱን አሽገውታል። ልጅየው ሻንጣውን ሲያነሣ አማቴ እኔን አዩኝ። ባለቤቴም እኔን አየችኝ። እሷም የእናቷ ልጅ ናት፤ በወንድሟ ፊት አፏን አትከፍትም። እኔ ለዚህ ቤት ምን እንደምጠቅም በግልጽ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ይሉኝታ የሌለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አይሄዱም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«አይሄዱም። ዛፉ አልተቆረጠም። ሴንቴኒያል መሄድ አይፈልጉም፤ ያንተ ሰፈር ሰው የለበትም፤ ጋራዥ ብቻ ነው። ያልነገሩህ ቀለም ስለቀባህ ነው።»

ሻንጣው መሬት ነካ። ወንድምየው ወደ እናቱ ዞረ።

«እውነት ነው እማዬ?»

«እኔማ ልመጣ ነበር ልጄ» አሉ አማቴ፣ እንባም ሳቅም በሚመስል ድምፅ። «ምን ላድርግ፣ ባለጌ እጅ ወደቅሁ።»

ሻንጣውን ወደ ክፍላቸው የመለሰው ራሱ ነው። ሲወጣ አልጨበጠኝም፤ አልፈረድኩበትም። ቫኑ ሲሄድ አማቴ ተግሣጹን ጀመሩ። በእሳቸው ትምህርት ቤት ቢሆን ወላጅ ሳላመጣ አልገባም ነበር። ለታላቅ ወንድም እንዲህ አይነገርም።

«ሌላው ይቅር፣ ሰፈሩን ለምን ትሰድባለህ?»

«እርስዎ ያሉት እኮ ነው።»

«እኔ ቤት ውስጥ ነው ያልኩት» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፤ ከጥላው ሥር አንድ ታክሲ ቆሞ ነበር።