መልስ ላጣ ስም

በአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት ሸንጎ ሌሎቹ እንደራሴዎች ምድጃ ዳር ለመቀመጥ ሲሻሙ፣ አንድ ገበሬ እንደራሴ ግን በሩ ጥግ ይቀመጣል። ጫማው ላይ እበት ደርቋል፤ ከዘመተበት ጦርነት የተረፈው የወታደር ካፖርቱ ክርኑ ላይ ጆንያ ተጥፎበታል። የበረኛው የሌሙኤል ዓይን ግን የገበሬው ባርኔጣ ላይ ነው። ጸሐፊው ስም ሲጠራ አንዱ «አቤት» ሳይል ከቀረ፣ ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ይደፋል።

ዛሬም ዊትኮም የተባለው እንደራሴ ተጠርቶ መልስ ሲጠፋ ባርኔጣውን አወለቀ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ዊትኮም እኮ መጠጥ ቤት ነው ያለው፤ በቁሙ ልትቀብረው ነው እንዴ?» አለው ሌሙኤል፣ ሳቅ እየተናነቀው።

ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

«እኛም ከውጊያው ማግስት ስም ተጠርቶ ‹አቤት› የሚል ሲጠፋ፣ ‹ውሃ ሊቀዱ ወንዝ ወርደው ነው› እያልን ስቀን ነበር» አለ።