ከእጮኛዬ ጋር ምጽዋን ስንዞር

ሃያ ሁለት አካባቢ ባለው ዓሣ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ትንፋሼን ውጬ ነው የማልፈው። ሰው ዓሣ የምጠላ ይመስለዋል። ዓሣ ጠልቼ አይደለም። ያ የጨውና የዓሣ ቅርፊት ሽታ ምጽዋን ያመጣብኛል፤ ምጽዋ ደግሞ እጮኛዬን።

በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬያችንን አቋርጠን፣ ድምፁ ሲርቅ እንቀጥላለን። እጮኛዬ የመንግሥት ሹም ነበር፤ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አንደበቱ የተሳለ። እናቴ "እግዜር ሰጠሽ" ትለኝ ነበር፤ እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ለሥራ ወደ ምጽዋ ሲወርድ እኔንና ታላቅ እህቴን ይዞን ሄደ። ባሕር አይተን ስለማናውቅ ደስታችን ሌላ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የተቀበሉን ሰዎች አስጎብኚ ሊሰጡን ሲሉ እሱ "አያስፈልግም፤ በእግራችን ራሳችን እናየዋለን" አላቸው። በባሕሩ ላይ በተሠራው መንገድ ተሻግረን ወደ አሮጌው ከተማ ገባን። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ነጫጭ ቤቶች፣ ጥልፍ የመሰሉ የእንጨት ሰገነቶች፣ ከቱርክ ዘመን የቀሩ ቅስት በሮች። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጋቢ ላያችን ላይ ተጣብቋል። ጥጋጥጉ የዓሣ አንጀት፣ የቆመ እጣቢ፣ ዝንብ። እህቴ አፏን ይዛ ነበር የምትሄደው። እኔ ግን ስንት ዘመን ስንት እጅ ነክቶት ይሆን እያልኩ ግድግዳውን እዳብስ ነበር።

አንዲት አሮጊት በራቸው ላይ ተቀምጠው አዩን። ሙቀቱ እንደጎዳን ገብቷቸው በተሰባበረ አማርኛ "ግቡ፣ ውሃ ጠጡ" አሉን። ቤቱ ከቅድመ አያታቸው የወረደ ነው፤ የበሩን እንጨት ከሕንድ አስመጥቶ ያስቀረጸው እሱ መሆኑን በኩራት ነገሩን። በዚያ ከተማ ውሃ በቁጠባ ነው። በጣሳ ቀድተው መጀመሪያ ለእጮኛዬ ሰጡት።

አንድ ጊዜ ተጎነጨና ተጉመጥምጦ ጥርግ ባለው ወለላቸው ላይ እንትፍ አለው።

"ጨው ነው!" አለ። ከዚያም ድምፁን ለወጠ። "አንቺ! ይሄ ቤት የተወረሰ መሆኑን ታውቂያለሽ? ማን ፈቅዶልሽ ነው የምትኖሪበት?"

አያቱ የሚሆኑትን ሴት "አንቺ" አላቸው። አሮጊቷ "ልጄ፣ ሌላ መግቢያ የለኝም፤ እባክህ ልጄ" እያሉ ጫማው ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። ሲለምኑት ጥቂት ቆሞ አያቸውና ከት ብሎ ሳቀ።

"ቀልዴን ነው! ትፈራ እንደሆነ ልያት ብዬ ነው።" ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። "አየሻት ስትንቀጠቀጥ?"

ምን ልበላችሁ፣ የመንገዱ ግማት ያልቀፈፈኝ እኔ፣ ከንፈሩ ላይ የቀረችው ምራቅ፣ ያ ጥርሱ፣ ያ ጥቅሻው፣ ሁለመናው ቀፈፈኝ። እሱ እየሳቀ ወጣ። እኔ ሻሼን ፈትቼ ወለሉን ጠረግሁ።

አሮጊቷ እጄን ያዙኝ። "ባልሽ ነው?"

"ገና ነው፣ እማማ።"

ትክ ብለው አዩኝና "ገና ከሆነ ደግ ነው" አሉኝ።

የቀረውን መንገድ እሱ "ይሄ የእገሌ ዘመን ነው፣ ያ የእገሌ" እያለ መራን። አንዱንም አልሰማሁት። እጄን ሊይዘኝ ሲል የእህቴን ክንድ ያዝኩ።

ቦሌ እንደተመለስን ለእናቴ አላገባውም አልኳት። በዚያ ጊዜ እንደ እሱ ያለውን ሰው እምቢ ማለት ለቤተሰብ ጣጣ ነበር። አባቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጥ ነበር፤ እናቴ "ለማታውቂያት አሮጊት ብለሽ እኛን ልታስፈጂን!" ብላ ለብዙ ጊዜ አኮረፈችኝ። ደግነቱ ምንም አልመጣብንም። እሱም ሌላ አገባ።

ዓመታት አልፈው እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ፣ አንድ ቀን ጸጉሯን እያበጠርኩላት ሳለ በድንገት "ሳልታመም ያን ልጅ ከነሚስቱ አግኝቼው ነበር" አለችኝ።

"ምን አለሽ?"

"እሱማ ስቆ ሰላም አለኝ። እሷ ግን በሳቀ ቁጥር ትደነግጣለች።"

እናቴ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ ጣል አደረገች። ጸጉሯ በጣም ሳስቶ ነበር፤ እንዳያማት ቀስ እያልኩ ማበጠሬን ቀጠልኩ።