የጋሽ የሱፍ ወገብ

ደብረ ታቦር ገበያ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ተራ ፊት ለፊት ክር፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ። ስሜ ጽጌ ነው። ሥራዬ ቁጭ ብሎ ሰው ማየት ስለሆነ ስለ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ስለ ጋሽ የሱፍ ግን ከሁሉም አብልጬ አውቃለሁ፤ የእሳቸው በርና የእኔ በር ይተያያሉ።

በሱሪ ስፌት ጋሽ የሱፍን የሚስተካከላቸው የለም። ይህን የምለው ክር ስለሚገዙኝ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መምህርም ይሁን ከገጠር የመጣ ሙሽራ፣ እሳቸው የሰፉትን ለብሶ ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። ይህን ሁሉ ወገብ ሲለኩ የኖሩት ሰው የራሳቸውን ወገብ ሳያውቁት መቅረታቸው ነው የሚገርመኝ።

ቦርጫቸው በአንድ ቀን አልመጣም። ድሮ የስፌት መኪናቸውን በእግራቸው እየረገጡ ነበር የሚሰፉት። ኋላ በመብራት የሚያዞረው ዲናሞ አስገጠሙለትና እግራቸው ሥራ ፈታ። ቤታቸው ቅርብ ሆኖ ሳለ ባጃጅ ካልመጣ አይንቀሳቀሱም ነበር። ሻያቸውንማ አንድ ቀን ቀምሼ ከስኳሩ ብዛት መጨረስ አቅቶኛል። ቦርጩ ወደ ፊት ሲገፋ ገበያው በሙሉ ደስ አለው፤ "ጋሽ የሱፍ ተመቻቸው" ተባለ። እኛ አገር ባል ሲወፍር የምትመሰገነው ሚስት ስለሆነች ሚስታቸው ዙበይዳም በዚህ ኮራች።

የእኔ ምላስ ግን አያርፍም። ቦርጩ ከመርፌው ቀድሞ ጨርቁ ላይ ሊደርስ ነው እላቸው ነበር። አይቆጡም። ሆዳቸውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉና ጥንካሬውን ያሳዩኛል፤ ስብ ቢሆን ይለሰልስ ነበር ባይ ናቸው። ከዚያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ቀበቷቸው ላይ ይጠመጥሙና ቁጥሩን ያነቡልኛል። በሠርጋቸው ቀን የነበረው ቁጥር ነው። እኔም አምን ነበር፤ ሜትር ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል?

አንድ ነገር ግን ያሳስበኝ ነበር። አባታቸውም እዚያው ሱቅ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እሳቸውም ባለ ቦርጭና ሳቂታ። አንድ የአረፋ ዋዜማ ሲሰፉ ቀኝ እጃቸው ከጨርቁ ላይ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ወዲያ አልታዘዘላቸውም። ደም ግፊት ነው ተባለ። ጥቂት ጊዜ ሌላ ሰው ሲሰፋ እያዩ ኖረው ሞቱ። ይህን የነገረችኝ ዙበይዳ ናት፤ ጋሽ የሱፍ አንስተውት አያውቁም። እየቆየ ግን እሳቸውም ቀኝ እጃቸው ደነዘዘኝ እያሉ ሲያራግፉት አይ ነበር። ያን ጊዜ ቀልዱ ከአፌ ይጠፋል፤ እፈራላቸው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት እፀገነት የምትባል የጤና መኮንን ጋዋን ልታሰፋ መጣች። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ተናግራ የማታስቀይም ልጅ ናት። እጃቸውን ሲያራግፉ አይታ ኖሮ ወገባቸውን እንድትለካቸው ጠየቀች። ጋሽ የሱፍ ደስ አላቸው፤ ሙያቸው ነዋ። ራሳቸው ሜትሩን እንደ ልማዳቸው ቀበቷቸው ላይ ጠመጠሙና ቁጥሩን በኩራት አነበቡላት። እሷም ሜትሩን ተቀብላ ከፍ አድርጋ በእምብርታቸው ላይ አዞረችውና እንዲያነቡት ሰጠቻቸው። አነበቡት። ፈገግታቸው ጠፋ።

"ያኛው የሱሪው ወገብ ነው ጋሼ" አለቻቸው። "የእርስዎ ወገብ ይሄ ነው።"

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሰፊ የሚለካው ሱሪው የሚታሰርበትን ነው፤ የእሳቸው ሱሪ ደግሞ በየዓመቱ ከቦርጩ ሥር ዝቅ እያለ ሲታሰር ኖሯል።

ታዲያ ሆዴ ለምን ጠነከረ ብለው ጠየቋት። እሷም ለአረፋ በግ ሲያርዱ አንጀቱን ሸፍኖ የሚወጣውን ሞራ አስታወሰቻቸው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ በእጅ ይጨበጣል፤ ይሄኛው ግን እንደ ሞራው ውስጥ ገብቶ አንጀትና ጉበት ዙሪያ ስለሚከማች ሆድን ይወጥረዋል አለች። እዚያ ሲበዛ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ስኳር ያዛባል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ልብን ያደክማል። ቀጭን የሚመስል ሰውም ሊኖርበት ይችላል ስትል ሳላስበው ነጠላዬን ሆዴ ላይ ሰበሰብኩ። ደጉ ነገር፣ ሰው መንቀሳቀስ ሲጀምር ቶሎ የሚቀንሰው ይሄ የውስጡ ስብ ነው አለችን። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደው ተመረመሩ፤ ግፊታቸውም ስኳራቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ማየት ደስ ይለኛል። ዲናሞውን ፈተው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉትና እንደ ድሮው መርገጥ ያዙ። ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ በእግራቸው ይወጣሉ፤ ዙበይዳም ሻሿን ተከናንባ እያወራች ትከተላቸዋለች። ሻዩ ያለ ስኳር ሆነ፤ መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን እያኮማተሩ ሲጠጡ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። እፀገነትም በየጊዜው ትለካቸዋለች፤ ቦርጩ ቀንሷል፣ ግፊቱ ወርዷል፣ ስኳሩም ተስተካክሏል። እጃቸውን ሲያራግፉ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ገበያው ግን ተከፋ። "ተመቻቸው" ሲል የነበረው ሁሉ "ምን ነካቸው?" ማለት ጀመረ። አንዷ ዙበይዳን ባልሽን አታበይውም ወይ ብላ አሳቀቀቻት። አንዱ ደግሞ እኔ ዘንድ መጥቶ በሹክሹክታ በሽታቸው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ክር ሳልሸጥለት አባረርኩት። የባሰው ዘንድሮ አረፋ ሲቃረብ መጣ፤ ደንበኞች የታመመ ሰው ዘንድ የገባ ጨርቅ ለበዓል አይደርስም እያሉ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። ይሄ ጋሽ የሱፍን አንገበገባቸው። አንድ ቀን ዲናሞውን አውርደው አቧራውን ሲጠርጉ አየኋቸው። ወደ ድሮው ሊመለሱ ነው አልኩ።

በዚያው ሰሞን አቶ ሙላቴ መጡ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከአባትየው ዘመን ጀምሮ የዚያ ሱቅ ደንበኛ፣ ቦርጫቸውም ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ። ጋሽ የሱፍን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸውና ያመጡትን ጨርቅ መልሰው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት።

"ምነው የሱፍ፣ እንዲህ ከሳህ?" አሉ ከልባቸው አዝነው። "ድሮ እንዴት አምሮብህ ነበር።"

ጋሽ የሱፍ መርገጡን አቆሙ።

"አባቴም በእኔ ዕድሜ ሳሉ አምሮባቸው ነበር" አሉ።

አቶ ሙላቴ በአባትየው ቀብር ላይ ቆመው የነበሩ ሰው ናቸው። ጨርቁን ከብብታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ወደ በሩ ሄዱ፤ ሳይወጡ ዞር አሉ።

"ነገ ጠዋት በእግርህ ስትወጣ በእኔ ደጅ በኩል እለፍ" አሉ።